ስትሮምቦሊ፦ ወደ እሳት የመቅረብና ከእሳት የመራቅ ታሪክ

ስትሮምቦሊ ከሲሲሊ በስተሰሜን፣ በቲሬኒያን ባሕር ላይ ከሚገኙት ሰባት የኤኦሊያ ደሴቶች አንዷ ናት። የቆዳ ስፋቷ 13 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ አናቷ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 924 ሜትር ይደርሳል። ከውኃው በታች ደግሞ ግርጌዋ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ስትሮምቦሊን እሳተ ገሞራ ያለባት ደሴት ከማለት ጫፉ ከባሕር ብቅ ያለ እሳተ ገሞራ ማለት ይቀላል። ሰው የሚኖረው በሁለት ጥግ ብቻ ነው። በሰሜን ምሥራቅ፣ ዝቅ ባለው ዳርቻ ላይ፣ የደሴቲቱን ስም የያዘው ዋናው መንደር ይገኛል፤ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ከገደል ላይ የተቀመጠችው ትንሿ ጂኖስትራ አለች። ሁለቱን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለሌለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው ጀልባ ይሳፈራል። በሰሜን ምዕራብ የነበረው የተራራው ጎን ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ተንዶ ባሕር ገብቷል፤ በቦታው የቀረው ጥቁር ቁልቁለት ሻራ ዴል ፉኦኮ ይባላል። ተራራው የሚተፋው ትኩስ ድንጋይ አብዛኛው በዚህ በኩል ተንከባልሎ ባሕር ይገባል። መንደሮቹ እስከ ዛሬ ሊቆዩ የቻሉትም ድንጋዩ ፊቱን ወደዚያ በማዞሩ ነው።

የእሳተ ገሞራው አፎች የሚገኙት ከአናቱ ላይ ሳይሆን ከአናቱ ዝቅ ብሎ፣ በ750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለ ሜዳ ነው። ከእነዚህ አፎች አንዱ ወይም ሌላው ብዙውን ጊዜ በየ10 ወይም በየ20 ደቂቃው ይፈነዳል። ነገሩን የሚያንቀሳቅሰው ጋዝ ነው። በተራራው አንገት ውስጥ የቆመው ቅልጥ አለት ከ1,000 ዲግሪ በላይ የሞቀና በቀላሉ የሚፈስ ስለሆነ ከሥር የሚነሳው ጋዝ አረፋ እየሠራ ወደ ላይ ይወጣል። ትንንሾቹ አረፋዎች ተጋጥመው አንገቱን የሚሞላ አንድ ትልቅ አረፋ ይሆናሉ። እሱ ከላይኛው ገጽ ሲደርስ፣ በድስት እንደሚንተከተክ ገንፎ፣ ያብጥና ይፈነዳል፤ የቀለጠውንም አለት ቆራርጦ ከመቶ ሜትር በላይ ወደ አየር ይረጨዋል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል። ቁርጥራጮቹ ቀይ ሆነው ይወጣሉ፣ ሲወርዱ ይጠቁራሉ፣ ድንጋይ ሆነው ሲንኳኩ ይሰማል፣ ከዚያም ጸጥታ ይሆናል። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች በሌሎች አገሮች የሚያዩትን ተመሳሳይ ፍንዳታ ሁሉ በዚህች ደሴት ስም ስትሮምቦሊያዊ ይሉታል።

በዓለም ላይ ከስትሮምቦሊ የሚበልጡ፣ ከእሱ የከፉ እሳተ ገሞራዎች ሞልተዋል። አብዛኞቹ ግን መቶና ሁለት መቶ ዓመት ተኝተው አንድ ቀን የሚነሱ ናቸው፤ ሊያያቸው የሄደ ሰው ጭስ እንኳ ሳያይ ሊመለስ ይችላል። ስትሮምቦሊ ቀጠሮ አክባሪ ነው። ቢያንስ ከሺህ ዓመት በላይ ያለማቋረጥ ሲፈነዳ ኖሯል፤ ወደ ደሴቲቱ የሄደ ሰው ዛሬ ማታ እሳት እንደሚያይ እርግጠኛ ሊሆን ምንም አይቀረው። ጎብኚን የሚስበው ይህ ነው፤ ጎብኚን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። የደሴቲቱ የጉብኝት ታሪክ በአጭሩ ሲታይ የርቀት ታሪክ ነው፤ ሰዎች መጀመሪያ ከሩቅ አዩት፣ ቀስ በቀስ ተጠጉት፣ ኋላም አናቱ ላይ ወጥተው አደሩ፣ በመጨረሻም ተገፍተው ወደ ኋላ ተመለሱ።

ለጥንት መርከበኞች ስትሮምቦሊ የሚጎበኝ ሳይሆን አቅጣጫ የሚያሳይ ነበር። ሌሊት ከሩቅ ብልጭ ሲል ስለሚታይ የሜዲትራንያን የባሕር ፋና የሚል ቅጽል አትርፏል። ግሪኮች እነዚህን ደሴቶች የነፋሳት ጌታ ከሚሉት ከኤኦሎስ ጋር አያይዘዋቸው ነበር። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን የኖረው ሮማዊው ፕሊኒዮስ ደግሞ የደሴቲቱ ሰዎች ጭሱን አይተው ከሦስት ቀን በኋላ የሚነፍሰውን ነፋስ ይናገራሉ፣ ኤኦሎስ ነፋሳትን ያዝዛል የሚለው እምነትም የመጣው ከዚህ ነው ሲል ጽፏል። በሸራ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ጠቃሚ ነገር አልነበረም።

በመካከለኛው ዘመን ትርጉሙ ተለወጠ። ወደ ቅድስት አገር የሚጓዙ የምዕራብ አውሮፓ ተሳላሚዎች በመርከብ በዚህ ባሕር ያልፉ ነበርና የሚያዩትን እሳት የሲኦል በር ወይም ነፍሳት ከኃጢአታቸው የሚነጹበት የሥቃይ ቦታ አደረጉት። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው የክሉኒ ገዳም አበምኔት የኦዲሎ ገድል ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ማዕበል ወደ አንዲት ድንጋያማ ደሴት ስለጣለው ተሳላሚ ይተርካል። በዚያ ያገኘው ባሕታዊ ከእሳቱ ውስጥ የነፍሳት ጩኸት እንደሚሰማ፣ አጋንንትም በክሉኒ መነኮሳት ጸሎት ነፍስ ተነጠቅን እያሉ እንደሚያማርሩ ነገረው። ተሳላሚው ይህን ለኦዲሎ ባደረሰ ጊዜ አበምኔቱ በኖቬምበር 2 ቀን ለሙታን ሁሉ መታሰቢያ እንዲደረግ አዘዘ ይላል ገድሉ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ቀኑን ታከብረዋለች። ገድሉ የደሴቲቱን ስም አይጠራም፤ የኋላ ሰዎች ግን ስትሮምቦሊ ወይም ጎረቤቷ ቩልካኖ ናት ብለዋል።

በዚያው ዘመን ደሴቲቱ ላይ የነበሩት ሰዎች የደረሰባቸው ከትረካው የባሰ ነበር። በኖቬምበር 1343 ኔፕልስ የነበረው ባለቅኔው ፔትራርካ ወደቡን ያወደመና መርከቦችን የሰባበረ ባሕር አይቶ በደብዳቤው ገልጾታል። ነገሩ ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ማዕበል ሲቆጠር ኖሮ፣ በፒሳ ዩኒቨርሲቲው ማውሮ ሮዚ የተመራ ቡድን በ2019 ባሳተመው ጥናት ሌላ ምክንያት አቀረበ። ቡድኑ በስትሮምቦሊ መንደር መሬቱን ቆፍሮ ባሕር ያመጣቸውን የአሸዋና የጠጠር ንብርብሮች አገኘ፤ ከመካከላቸው ትልቁ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ይወድቃል። የተራራው ጎን ተንዶ ባሕር ሲገባ ሱናሚ አስነስቷል ማለት ነው። ደሴቲቱም ከዚያ ወዲህ ባዶ ሆና እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የረባ ሰው አልሰፈረባትም። ቀጠሮ አክባሪው ተራራ በጊዜ ያልተቀጠረ ነገርም እንደሚያመጣ ያኔውኑ አሳይቶ ነበር፤ የሚያስታውስ ሰው ግን አልቀረም።

ለማየት ብቻ የሚመጡ ሰዎች የታዩት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። በኔፕልስ የእንግሊዝ መልእክተኛ የነበረው ዊሊያም ሃሚልተን ስለ ደቡብ ኢጣሊያ እሳተ ገሞራዎች ባሳተመው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ስትሮምቦሊን አካተተ። ፈረንሳዊው ዴኦዳ ደ ዶሎሚዩ በ1781 ደሴቶቹን ጎብኝቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የጉዞውን መጽሐፍ አወጣ። ከሁሉም ጠልቆ ያየው ግን በ1788 የመጣው የፓቪያው መምህር ላዛሮ ስፓላንዛኒ ነው። ስፓላንዛኒ ካህን ሲሆን ስለ እንስሳት መራባትና ስለ ምግብ መፈጨት ባደረጋቸው ሙከራዎች በአውሮፓ ስሙ ገንኖ ነበር። ዕድሜው ስልሳ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው የቬሱቪዮስን፣ የኤትናንና የኤኦሊያ ደሴቶችን ድንጋይ ሊመረምር ተነሳ።

ስፓላንዛኒ ከቀደሙት የሚለየው ከሩቅ አይቶ አለመርካቱ ነው። ወደ አፎቹ ተጠጋ፤ የሚወርደው ድንጋይ መቆሚያ ሲያሳጣው በአለቱ ውስጥ ያገኛት ትንሽ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ከዚያ ቁልቁል ይመለከት ጀመር። ያየውን በዝርዝር ጽፎታል። ከሥር ያለው ላቫ እንደቀለጠ ነሐስ ቀልቶ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከፍ ሲል ገጹ ያብጣል፣ እብጠቱ ይፈነዳል፣ ቁርጥራጩ ይበተናል፣ ከዚያ ላቫው ወደ ታች ይመለሳል። ከዚህም ተነስቶ ገፊው ኃይል ከውስጥ የሚወጣ ጋዝ ነው ሲል ደመደመ። ካሜራና መለኪያ በሌለበት ዘመን በዓይን ብቻ የተደረሰበት ይህ ድምዳሜ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ከደሴቲቱ የወሰዳቸውንም ድንጋዮች በመስታወት ማቅለጫ ምድጃ ውስጥ አስገብቶ መልሶ አቅልጧቸዋል። የእሳተ ገሞራ ጉብኝትና የእሳተ ገሞራ ሳይንስ በስትሮምቦሊ የተጀመሩት በአንድ ሰው እግር ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

19ኛው ክፍለ ዘመን ጸሐፊዎችን አመጣ። አሌክሳንደር ዱማ በ1835 በትንሽ የሲሲሊ ጀልባ ዞሮ ተራራውን ወጣ፤ ጉዞውንም በመጽሐፍ ተረከው። ዡል ቬርን በ1864 ባሳተመው ወደ ምድር እምብርት የሚደረግ ጉዞ በሚናገረው ልብ ወለዱ ገጸ ባሕርያቱን በአይስላንድ ተራራ አስገብቶ በስትሮምቦሊ አፍ ተፍቶ አወጣቸው፤ የደሴቲቱንም ስም ጂኦግራፊ ተምረው ለማያውቁ ልጆች ሁሉ አደረሰ። እንግሊዛዊው ጂኦሎጂስት ጆን ዌስሊ ጀድ በበኩሉ በ1881 ያወጣውን ስለ እሳተ ገሞራ የሚያስረዳ መጽሐፍ ሲጀምር ስትሮምቦሊን ምሳሌ አደረገ። ጀድ አንባቢው እንዲያስተውል የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ በተራራው አናት ላይ ሌሊት የሚታየው ቀይ ነገር ነበልባል ሳይሆን የቀለጠው አለት ብርሃን በእንፋሎቱ ላይ ሲያርፍ የሚፈጥረው ነጸብራቅ ነው። «የሚነድ ተራራ» የሚለው የጥንት አነጋገር ስሕተት እንደሆነ ያሳመነውም ይህ ነበር።

እነዚህ ሁሉ እንግዶች ሲመጡ ሲሄዱ ደሴቲቱ በጎብኚ አትተዳደርም ነበር። ሰዎቹ ወይን ያመርታሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ በራሳቸው የሸራ መርከብ ይነግዳሉ። ማልቫዚያ የሚባለው ከደረቀ ወይን የሚጠመቅ ጣፋጭ መጠጥ ከደሴቶቹ ወደ ሩቅ ገበያ ይሄድ ነበር። በተራራው ጎን ላይ ወደ ላይ የሚወጡት የድንጋይ እርከኖች ዛሬም የሚታዩ ሲሆኑ፣ ያኔ ምን ያህል መሬት ይታረስ እንደነበር ይመሰክራሉ። ምንጭ ስለሌለ ቤቶቹ ነጭ ተለቅልቀው ጣሪያቸው ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠሩት ዝናቡን ሰብስበው ከሥራቸው ወዳለው የውኃ ጉድጓድ እንዲያወርዱ ነው። ተራራው አመድ በበተነ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚሠራው ሥራ ጣሪያ መጥረግ ነው፤ አለዚያ የሚቀጥለው ዝናብ አመዱን ጠርጎ ወደሚጠጣው ውኃ ያስገባዋል። በዚያ ዘመን የነዋሪው ቁጥር ከሁለት ሺህ በላይ ነበር።

ይህን ኑሮ ያፈረሰው በመጀመሪያ እሳት ሳይሆን ነፍሳት ነው። ፊሎክሴራ የሚባለው የወይን ሥር የሚበላ ተባይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የደሴቶቹን ወይን አወደመ። የእንፋሎት መርከብ ደግሞ የሸራ ንግዱን ገደለ። ሰዎች ወደ አሜሪካ፣ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ አውስትራሊያ ይሰደዱ ጀመር። በዚህ ላይ ተራራው ተጨመረበት። በሜይ 1919 የወጣው ፍንዳታ ቤት አፍርሶ ሰው ገደለ። በሴፕቴምበር 11 ቀን 1930 የመጣው ደግሞ በተመዘገበው የደሴቲቱ ታሪክ ከሁሉ የበረታ ነበር፤ ትላልቅ ቋጥኞች ጂኖስትራ ድረስ ወርደው ቤት ሰበሩ፣ ትኩስ አመድና ድንጋይ በሸለቆ ወርዶ እስከ ባሕር ደረሰ፣ ባሕሩም ተነሳ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሕዝብ ብዙው ዕቃውን ሸክፎ ሄደ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በደሴቲቱ ላይ ጥቂት መቶ ሰዎች፣ ብዙ የተዘጉ ቤቶችና የሚፈነዳ ተራራ ብቻ ቀሩ።

በ1949 የጸደይ ወራት ዳይሬክተሩ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ የፊልም ቡድኑን ይዞ ወደዚህ ቦታ መጣ። ተዋናይዋ በወቅቱ ከሆሊውድ ታላላቅ ስሞች አንዷ የነበረችው ስዊድናዊቷ ኢንግሪድ በርግማን ናት። የሮሴሊኒን ፊልሞች አይታ አብራው መሥራት እንደምትፈልግ በደብዳቤ የገለጸችለት እሷው ራሷ ነበረች። መብራትና የቧንቧ ውኃ በሌለበት ደሴት ላይ ወራት ተቀመጡ፤ ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ በፊልሙ ውስጥ ራሳቸውን ሆነው ታዩ። ታሪኩ ከጦርነት መጠለያ ለመውጣት ስትል አንድ ዓሣ አጥማጅ ያገባችና ደሴቲቱ እስር ቤት ስትሆንባት በተራራው አናት አልፋ ለማምለጥ የምትሞክር ስደተኛ ሴት ታሪክ ነው።

ከፊልሙ የበለጠ የተወራው ግን የካሜራው ጀርባ ነበር። ሁለቱም ባለትዳሮች ሳሉ በፍቅር ወደቁ፤ ልጃቸው የተወለደው ፊልሙ ሊወጣ ሲል በፌብሩዋሪ 1950 ነው። በማርች ወር አንድ የአሜሪካ ሴናተር ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ በርግማንን አወገዛት። የሮሴሊኒ የቀድሞ ወዳጅ አና ማኛኒ በበኩሏ በዚያው ወቅት በጎረቤት ደሴት ቩልካኖ የተባለ ሌላ ፊልም ትሠራ ስለነበር የኢጣሊያ ጋዜጦች ነገሩን የእሳተ ገሞራዎች ጦርነት ብለው ሰየሙት። ፊልሙ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ገንዘብ አላመጣም፤ ለደሴቲቱ ግን በገንዘብ የማይገዛ ማስታወቂያ ሆነ። ሮሴሊኒና በርግማን ያረፉበት ቀይ ቤት ዛሬም በመንደሩ አለ፤ ግድግዳው ላይ ባለው ሰሌዳ ፊት ጎብኚዎች ፎቶ ይነሳሉ። አንድ ሕዝብ ስለተሰደደበት ቦታና ከቦታው ስለሚሸሽ ሰው የተሠራ ፊልም ሰው እንዲመጣ ማድረጉ ከታሪክ ምጸቶች አንዱ ነው።

ከ1950ዎቹ ጀምሮ የመጡት እንግዶች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንዳንዶቹ የተሰደዱ ሰዎች የተዉአቸውን ቤቶች በርካሽ ገዝተው አደሱ፤ ሌሎቹ ለተራራው ሲሉ መጡ። ከኋለኞቹ ታዋቂው አሩን ታዚየፍ ነው። በዋርሶ ተወልዶ በቤልጂየምና በፈረንሳይ የኖረው ይህ ጂኦሎጂስት እሳተ ገሞራዎችን ከቅርብ እየቀረጸ ፊልም በመሥራት በ1950ዎቹ በአውሮፓ ስም አወጣ፤ ወደ ስትሮምቦሊም ወጥቶ ጽፏል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ታዚየፍ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የኢጣሊያና የፈረንሳይ ሳይንቲስቶችን ቡድን እየመራ አፋር የገባው፣ የኤርታሌንም የላቫ ሐይቅ ለዓለም ሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው። ከዚያ ቡድን አባላት አንዱ ፍራንኮ ባርቤሪ ከዓመታት በኋላ የኢጣሊያ የሲቪል መከላከያ ኃላፊ ሆነ፤ በ1993ም ከባልደረቦቹ ጋር የስትሮምቦሊን የቀድሞ ፍንዳታዎች ከታሪክ መዝገብ አሰባስቦ የአደጋውን መጠን የሚያሳይ ጥናት አወጣ። አፋር ላይ ሙያውን ያዳበረ ሰው ቀጠሮ አክባሪ የሚባለው ተራራ ቀጠሮ የሚያፈርስባቸውን ቀናት ቆጥሮ አስቀመጠ ማለት ነው።

የጎብኚው ብዛት ግን በጥናት አይመራም ነበር። ከ1970ዎቹ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ድረስ ስትሮምቦሊ የሚወጣው ሰው እንዲህ ያደርግ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከመንደሩ ይነሳል፤ መጀመሪያ በሸምበቆና በቁጥቋጦ መካከል፣ ኋላም በአመድና በልቅ ድንጋይ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል ይወጣል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ፒትሶ ከሚባለው 918 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጉብታ ይደርሳል። ተፈጥሮ ለተመልካች ያዘጋጀችው ሰገነት ይህ ነው። አብዛኛውን እሳተ ገሞራ የሚያዩት ከታች ወደ ላይ አንጋጠው ነው፤ እዚህ ግን ሰው ከአፎቹ በላይ ተቀምጦ ወደ ታች ያያል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀትም ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ ነው። ብዙዎች እዚያው ያድሩ ነበር። ነፋሱን ለመከላከል ከላቫ ድንጋይ ክብ አጥር ይካባሉ፣ የመኝታ ከረጢታቸውን ውስጡ ይዘረጋሉ፣ በየ10ና በየ20 ደቂቃው እየነቁ እሳት ያያሉ። በ1986 እና በ2001 ወደ አፎቹ የተጠጉ ጎብኚዎች በተወረወረ ድንጋይ ተመትተው ሞተዋል፤ ይሁን እንጂ ከዚያም በኋላ መውጣቱ አልቆመም።

በ2000 ዩኔስኮ የኤኦሊያ ደሴቶችን በዓለም ቅርስ መዝገብ አሰፈረ። ምክንያቱ ደሴቶቹ ቩልካናዊና ስትሮምቦሊያዊ ለተባሉት ሁለት የፍንዳታ ዓይነቶች ስማቸውን ያበደሩና ለሁለት መቶ ዓመታት የጂኦሎጂ መማሪያ ሆነው የኖሩ መሆናቸው ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ተራራው ጎኑን ከፈተ። በዲሴምበር 28 ቀን 2002 ላቫ በሻራ ዴል ፉኦኮ ይወርድ ጀመር፤ በዲሴምበር 30 ቀን የቁልቁለቱ ክፍል ተንዶ ባሕር ገባና በመንደሩ ዳርቻ አንዳንድ ቦታ እስከ 10 ሜትር የወጣ ሱናሚ አስነሳ። ቤቶች ፈረሱ፣ ጀልባዎች መሬት ላይ ተጣሉ፣ ሰዎች ቆሰሉ፤ የሞተ ግን አልነበረም። ይህን ያህል የቀለለው የአውሮፓ ክረምት ስለነበር ነው። በኦገስት ወር ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት ዳርቻው ላይ የሚገኘው ሰው ብዛት ስንት እንደሚሆን ለመገመት ጥቁሩን አሸዋ በበጋ ማየት ይበቃል። ነዋሪዎቹ ደሴቲቱን ለቀው ወጡ። በኤፕሪል 5 ቀን 2003 ደግሞ ከተለመደው እጅግ የበረታ ፍንዳታ ወጥቶ ቋጥኞች ጂኖስትራ ድረስ ወደቁ፤ ሰው በሚያድርበት በፒትሶ ጉብታ ላይም ትኩስ ድንጋይ ዘነበ። መውጫው ከዲሴምበር ጀምሮ ተዘግቶ ባይሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነፃው ዘመን አበቃ። የኢጣሊያ ሲቪል መከላከያ በደሴቲቱ ላይ ቋሚ የክትትል ማዕከል አቋቋመ፤ ለሱናሚ የሚጮሁ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ማጉያዎች ተተከሉ። መውጣት በ2005 ዳግም ሲፈቀድ ሕግ ወጥቶለት ነበር፤ ፈቃድ ካለው መሪ ጋር ብቻ፣ በቡድን ከ20 ሰው ሳይበልጥ፣ ሄልሜት ተደርጎ፣ አናቱ ላይም ለአጭር ጊዜ ብቻ ተቆይቶ መውረድ። ማደር ቀረ። መሪነት በአንጻሩ የደሴቲቱ ትልቅ ሙያ ሆነ።

ይህም በቂ እንዳልነበር በ2019 ታየ። በጁላይ 3 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ምንም ግልጽ ምልክት ሳይታይ፣ ተራራው አመዱን በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ከፍታ ላይ ላከው፤ ትኩስ የአመድና የጋዝ ጎርፍ በሻራ ዴል ፉኦኮ ወርዶ በባሕሩ ገጽ ላይ ሄደ። ጂኖስትራ አቅራቢያ በእግር ይጓዝ የነበረ አንድ ሰው ሞተ፣ ቁጥቋጦው ተቃጠለ፣ ባሕር ዳር የነበሩ ጎብኚዎች ራሳቸውን ውኃ ውስጥ ጣሉ። በኦገስት 28 ቀን ተደገመ። አመዱ ከኋላዋ እያሳደዳት የምትሸሽ ጀልባ ላይ የተቀረጸው ቪዲዮ ያኔ ዓለምን ዞሯል። ፍንዳታው በጁላይ 3 የደረሰው በቀን እንጂ ቡድኖች አናቱ ላይ በሚሆኑበት የምሽት ሰዓት አልነበረም፤ የሟቹን ቁጥር አንድ ያደረገውም ሰዓቱ እንጂ ሕጉ አይደለም።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር 9 ቀን በኒውዚላንድ ዋካሪ የምትባለው ሌላ የእሳተ ገሞራ ደሴት 47 ሰዎች በላይዋ ሳሉ ፈነዳች፤ 22ቱ ሞቱ። ዋካሪ እንደ ስትሮምቦሊ ያለማቋረጥ የምትፈነዳ አልነበረችም፤ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ጎብኚውን ከአፉ ጠርዝ የሚያደርስ ንግድ በላያቸው መብቀሉ ነው።

የስትሮምቦሊ አናት ከ2019 ወዲህ እንደቀድሞው አልተከፈተም። ከፍተኛው ወሰን መጀመሪያ ወደ 290 ሜትር ወረደ፤ ኋላ ሁኔታው ሲፈቅድ ከመሪ ጋር እስከ 400 ሜትር መውጣት ተፈቀደ። የፍሎረንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከትልቅ ፍንዳታ በፊት የተራራው አካል ለጥቂት ደቂቃዎች እንደሚያብጥ በመለኪያ አረጋግጠው፣ እብጠቱ ሲታይ ድምፅ ማጉያዎቹ ራሳቸው እንዲጮሁ አድርገዋል። ጥቂት ደቂቃ ከ918 ሜትር ላይ ለሚወርድ ሰው ምንም አይደለችም፤ ባሕር ዳር ላለ ሰው ግን ከፍ ወዳለ ቦታ ለመሮጥ ትበቃለች። ርቀቱ እንዲጨምር የተደረገበትን ምክንያት ይህ ስሌት ብቻውን ያስረዳል፤ ወሰኑ ገበያ ገደለብን የሚሉ ሰዎች ቅሬታም በዚህ ሚዛን ላይ ሲቀመጥ ይቀልላል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታትም ቀላል አልነበሩም። በሜይ 2022 ስለ ሲቪል መከላከያ የሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ እየተቀረጸ ሳለ የተነሳ እሳት የተራራውን የዕፅዋት ልብስ አቃጠለ፤ በኦገስት የጣለው ዝናብ አፈሩን የሚይዝ ተክል ስላላገኘ ጭቃና ድንጋይ በመንደሩ ጎዳናዎች ወረደ። በ1949 ካሜራ ያመጣው ሲሳይ በ2022 ዕዳ ሆኖ ተመለሰ። በጁላይ 2024 ደግሞ ላቫ ባሕር ድረስ ወርዶ የማስጠንቀቂያው ደረጃ ቀይ ሆነ።

ዛሬ ወደ ደሴቲቱ የሚሄደው ሰው በበጋ ከሲሲሊዋ ሚላትሶ በፈጣን ጀልባ፣ ወይም ከኔፕልስ በሌሊት መርከብ ይደርሳል። በመንደሩ ጠባብ መንገዶች ዕቃ የሚያመላልሱት እንደ ባጃጅ ያሉ ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪዎችና ትንንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው። ክረምት ላይ የሚቀሩት ጥቂት መቶ ነዋሪዎች የዓመቱን ገቢ የሚያገኙት በእነዚያ የበጋ ወራት ነው። እሳቱን ለማየት ሁለት መንገድ አለ፤ በእግር ከመሪ ጋር እስከተፈቀደው ከፍታ መውጣት፣ ወይም ማታ ማታ ከመንደሩ ተነስተው ሻራ ዴል ፉኦኮ ፊት ለፊት ሞተራቸውን አጥፍተው በሚቆሙት ጀልባዎች መሳፈር። የጀልባው መንገድ የጥንት መርከበኞች ካዩበት ርቀት ብዙም የተለየ አይደለም፤ ከሁለቱ የሚሻለውም እሱ ነው። የማስጠንቀቂያው ደረጃ ከፍ ሲል መውጣት ይከለከላል፣ ጀልባዎቹም ከቁልቁለቱ እንዲርቁ ይታዘዛሉ። ስለዚህ ወደዚያ ለመጓዝ ያሰበ ሰው የመርከብ ትኬት ከመቁረጡ በፊት የዕለቱን ደረጃ ያጣራ።